የዒድ ጠዋት ሽታ ከየት መጣ?





ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ አንዲት አውራ ጣት የምታህል ብልቃጥ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። በእህቶች በኩልም ደርሳለች። አንድ ወንድማችን ዶርም ውስጥ ቀምሞ ያመጣት ዒጥር ናት፤ አልኮል የሌለባት፣ በዘይት የተሠራች፣ ጎኗ ላይ በእስክሪብቶ «ዒድ ጠዋት» ተብሎ የተጻፈባት። ሐሳቡ ያማረ ነው። በትንንሽ ብልቃጥ እየሞላን ለዒድ ብንሸጣት፣ ትርፉ ለኢፍጣር ማዕዳችንና ለተቸገሩ ተማሪዎች መደጎሚያ ይሆናል። ውሳኔው በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ይሰጣል።

ይህን አስተያየት የምንጽፈው ከዋጫ፣ ከቦንጋና ከዙሪያቸው የመጣን ጥቂት አባላት ነን። ለመጻፍ ያነሣሣን ብልቃጧን ስናሸት የሆነው ነገር ነው።

መጀመሪያ የመጣው ጨዋታ ነው። የብርቱካን ልጣጭ፣ ቀጥሎ ኮረሪማ፤ ልጅ ሳለን በሳንቲም እንገዛው የነበረውን ከረሜላ የሚመስል፣ ፈገግ የሚያሰኝ። ጥቂት ቆይቶ፣ ብርቱካኑ ሲሳሳ፣ ከሥሩ ሌላ ነገር ብቅ አለ። ጠቆር ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ እንስሳ እንስሳ የሚል፣ ደስ የሚልም የሚያስፈራም። ያን ጊዜ የአንድ አገር ልጆች እርስ በርስ ተያየን። ማንም ሳይናገር ሁላችንም አወቅነው። ዝባድ ነው።

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። ዝባድ ያለባት «ዒድ ጠዋት» አሁን ባለው ሁኔታ በጀመዓችን ስም መሸጥ የለባትም እንላለን። ዝባድን እንወደዋለን፤ ከየት እንደሚመጣም እናውቃለን። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ነው ያስቸገረን። እስቲ በትዕግሥት ስሙን።

የአያቶቻችን እጅ

ዋጫ የጨና ወረዳ ከተማ ናት፤ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ዝናቡ ብዙ ነው፤ ጫካው ከቤት ጓሮ ይጀምራል። የዒድ ጠዋት ጭቃውን ላለመርገጥ ጫማችንን በእጃችን ይዘን ወደ መስገጃው ሜዳ የሄድንባቸው ዓመታት ጥቂት አይደሉም።

ከዚያ በፊት ግን አያታችን ሳጥናቸውን ይከፍታሉ። ከልብሱ ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በትንሽ ዕቃ የተቀመጠ ነገር አለ። በመርፌ ጫፍ ያህል ወስደው ለጋ ቅቤ ውስጥ ያሹታል፤ ፀጉራቸውን ይቀባሉ። መዳፋቸው ላይ የቀረውን በእኛ ጭንቅላትና አንገት ላይ ያብሳሉ። «ተዉ፣ ይሸታል!» እያልን እንሸሻለን፤ እንያዛለን፤ እንስቃለን። ከዚያ ወዲያ ተክቢራው፣ አዲሱ ልብስ፣ ቡናው፣ ዘመድ ጥየቃው ሁሉ ያንን ሽታ ይዞ ይቀራል። የአያታችን ነጠላ እስከሚቀጥለው ዒድ ድረስ አይለቀውም ነበር።

ዝባድ የቀልድ ምንጭም ነበር። አማርኛና ካፊኖኖ እየቀላቀልን በምናወራበት ሰፈር «ጥርኝ» የሚለው ቃል ሁለት ፍች ነበረው። «አንድ ጥርኝ ቆሎ ስጪኝ» ስንል፣ «ጥርኙን ከጫካ ይዘህ ና፤ ያኔ እሰጥሃለሁ» የምትል ታላቅ እህት አትጠፋም። ቁርኣን ቤት ውስጥ አየሩ ድንገት ሲበላሽ ደግሞ አንዱ ዝቅ ባለ ድምፅ «ጥርኝ አለፈ!» ይላል። ሳቅ እንዳይሰማ አፋችንን በሉሓችን እንሸፍናለን። ኡስታዛችን ግን የሳቁን ምንጭ ለማወቅ ብዙ አይቸገሩም ነበር።

ሽታ ከሌሎች ስሜቶች ይልቅ ትዝታን የሚቀሰቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም። አፍንጫችን የሚልከው መልእክት ስሜትንና ትውስታን ወደሚያስተናግዱት የአንጎል ክፍሎች የሚደርሰው በአጭር መንገድ ነው። ለዚህም ነው ብልቃጧ ስትከፈት፣ ስለ ዝባድ ማሰብ ሳንጀምር በፊት፣ አያታችን ፊታችን የቆሙት። እንዲህ ያለውን ነገር ተቃውሞ መጻፍ ቀላል እንዳልሆነ ትረዱናላችሁ።

ዝባድ ምንድን ነው?

ከሌላ አካባቢ ለመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች በአጭሩ እንግለጽ። ጥርኝ በሌሊት የሚንቀሳቀስ፣ ግራጫና ጥቁር ዥጉርጉር ያለበት፣ ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር ጭንብል ያጠለቀ የሚመስል የዱር እንስሳ ነው። ድመት ይመስላል እንጂ ድመት አይደለም። ፍሬም፣ ነፍሳትም፣ አይጥም ይበላል። ከጅራቱ ሥር ካለው ከረጢት የሚወጣውን ቅባት ዛፍና ቁጥቋጦ ላይ እያሸ የግዛቱን ድንበር ያመለክታል። ያ ቅባት ነው ዝባድ። የበላውን ፍሬ ዘር በየቦታው ስለሚጥል ለጫካው አትክልተኛ ነው ማለት ይቻላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት በመዘገበው የከፋ ጫካ ውስጥ ከሚኖሩት አንዱ ነው።

ጥሬ ዝባድ አፍንጫ ላይ ሲመጣ ይከረፋል። ውስጡ ካሉት ነገሮች አንዱ ለዓይነ ምድር ሽታውን የሚሰጠው ውህድ ነው። ሲቀጥን ግን ይለወጣል፤ ያው ውህድ በጣም በጥቂቱ ሲሆን አበባ አበባ ይላል። አያታችን በመርፌ ጫፍ ብቻ የሚወስዱት ለዚህ ነበር። የሽቶ ቀማሚዎች ከምንም በላይ የሚወዱት ሌላ ጠባዩን ነው። ሌላውን መዓዛ ሁሉ ይዞ ያቆያል፤ የሚተነውን ብርቱካን ያስረዋል።

ስሙ ራሱ ታሪክ ይናገራል። የእኛ «ዝባድ»ም፣ የአውሮፓውያኑ «ሲቬት»ም የመጡት ከአረብኛው «ዘባድ» ነው። ከፋ ራሱን የቻለ መንግሥት በነበረበት ዘመን፣ እስከ 1889 ዓ.ም. ድረስ፣ ቦንጋ የታወቀች የንግድ ቦታ ነበረች። ከሰሜን የሚመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች ዝባዱን በከብት ቀንድ አሽገው፣ ከዝሆን ጥርስና ከኮረሪማ ጋር ጭነው፣ በጎጃሙ የባሶ ገበያና በጎንደር በኩል እስከ ምጽዋ ያደርሱት ነበር። ከዚያ ባሕር ይሻገራል።

ባሕር ማዶ ደግሞ ያላበደለት ሰው አልነበረም። «ሮቢንሰን ክሩሶ»ን የጻፈው እንግሊዛዊው ዳንኤል ዴፎ እ.ኤ.አ. በ1692 በዝባድ ሊከብር ብሎ ሰባ ያህል ጥርኞችን በዱቤ ገዝቶ ነበር። ባለጸጋ መሆኑ ቀርቶ በዚያው ዓመት ከሠረ። ፈረንሳዮቹ የተሻለ ቀንቷቸዋል። የጌርላን ቤት እ.ኤ.አ. በ1889 ያወጣው ጂኪና በ1925 ያወጣው ሻሊማር፣ በ1921 የወጣው የሻኔል ቁጥር 5 ሁሉም ዝባድ ነበረባቸው። በዓለም ላይ የተፈጥሮ ዝባድን በማቅረብ ግንባር ቀደሟ አገር ደግሞ ኢትዮጵያ ናት። የፓሪስ ሴት ለግብዣ ስትዘጋጅ አንገቷ ላይ የነካችው፣ አያታችን ከሳጥናቸው የሚያወጡት ያው ነገር ነው። ይህን ስናውቅ መጀመሪያ የተሰማን ኩራት ነበር።

ከጎጆው ጀርባ

ኩራቱ ብዙ አልቆየም። ከመካከላችን አንዱ ጥርኝ በሚጠበቅበት ቤት ነው ያደገው። የሚከተለውን የነገረን እሱ ነው፤ እንድንጽፈውም ፈቅዷል።

ከቤታቸው ጀርባ በሩ ዝቅ ያለ ጎጆ ነበረች። ውስጧ እሳት አይጠፋም፤ ሙቀትና ጭስ ዝባዱን ያበዛል ይባላልና። እንግዳ አይገባባትም፤ ልጆችም አጠገቧ አይጮሁም። ዓይን ይበላዋል ተብሎ ይፈራል። በጭሱ ውስጥ፣ በልጥ ከታሠሩ እንጨቶች የተሠራ ረዘም ያለ ጠባብ ማጎሪያ አለ። በውስጡ አንድ ወንድ ጥርኝ። ማጎሪያው ሆን ተብሎ የጠበበ ነው፤ እንስሳው ዞሮ እንዳይናከስ። ስለዚህ አይዞርም። ወደፊት ጥቂት፣ ወደኋላ ጥቂት። ሌሊት ሙሉ ጫካ ለጫካ ለመዞር የተፈጠረ እንስሳ ነው።

በየዘጠኝ በየአሥር ቀኑ ዝባድ ይወጣለታል። አባት ከኋላ በኩል ባለው ክፍተት የኋላ እግሮቹንና ጅራቱን ስበው ያወጣሉ፤ ከረጢቱን ገልብጠው በትንሽ ማንኪያ ይጠርጋሉ። የሚገኘው ጥቂት ግራም ነው። ወንድማችን የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ ሥራው ጅራቱን መያዝ ነበር። «ድምፁን አልረሳውም» ነው ያለን፤ ሌላ ማብራሪያ አልጨመረም።

ፍትሕ እንዲሆን ሌላውንም እንንገራችሁ። ያ ጥርኝ አልተራበም። በዚያ ቤት ሥጋ ለልጆቹ በዒድና በሠርግ ነበር፤ ለጥርኙ ግን በየሳምንቱ ይገዛለት ነበር። እንቁላል፣ ወተትና ገንፎም ነበረው። አባት ከሱቅ ሲመለሱ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። ዝባዱ ቀንድ ሞልቶ ሲሸጥ ደግሞ የወንድማችን የዘጠነኛ ክፍል ዩኒፎርም፣ ደብተርና የቤት ኪራይ ከዚያ ወጣ። ዛሬ ከእኛ ጋር ሌክቸር ክፍል የተቀመጠው ያ ጥርኝ ባለመዞሩ ነው። አንድ ጠዋት ሞቶ ተገኘ። አባት ሲመሽ ወጥመዳቸውን ይዘው ወደ ጫካ ሄዱ፤ ሌላ ሊይዙ።

በጅማ፣ በኢሉባቦር፣ በወለጋ፣ በእኛም በከፋ ይህን ሥራ የያዙት በአብዛኛው ትንንሽ ገበሬዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም ሙስሊሞች፣ ከአባትና ከአያት የወረሱት። እነሱን ጨካኝ ለማለት አፍ የለንም። ከእነሱ ቤት በልተን ነው የወጣነው።

ዲናችን ምን ይጠይቀናል?

በጀመዓው ውስጥ ጉዳዩን ስናነሣ አንዳንድ ወንድሞች «ዝባድ ነጃሳ አይደለም እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ይህ የቆየ ጥያቄ ነው። የሻፊዒ መዝሀብ ዑለማእ አንሥተውት፣ ኢማም ነወዊም «አል-መጅሙዕ» በተባለው ኪታባቸው ንጹሕ መሆኑን መርጠዋል። ስለዚህ የኛ ተቃውሞ በዚህ በኩል አይደለም። ሽቶ መቀባትም የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሱና ነው፤ ለጁሙዓ ታጥቦ ሽቶ መቀባት ምን ያህል እንደተወደደ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

እንስሳን ማቆየትስ? ይህም በራሱ ክልክል አይደለም። አቡ ዑመይር የተባለው ትንሽ ልጅ የሚጫወትባት ወፍ ነበረችው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እሱን ባዩት ቁጥር ስለ ወፏ እየጠየቁ ያጫውቱት እንደነበር በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። ዑለማእ ከዚህ ሐዲስ ወፍን ማቆየት እንደሚፈቀድ ተረድተዋል፤ በደንብ እስከተያዘች ድረስ። ስለዚህ «ጥርኝ ማሰር ሐራም ነው» ብለን ፈትዋ የምንሰጥ እኛ አይደለንም፤ ቦታችንም አይደለም።

የጨነቀን «በደንብ እስከተያዘ ድረስ» የሚለው ነው። ድመት አስራ ስላስራበቻት ሴት የሚናገረውን ሐዲስ ሁላችንም በልጅነታችን ሰምተናል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሴትየዋ የተቀጣችው አላበላቻትም፣ ራሷ ፈልጋ እንድትበላም አልለቀቀቻትም ተብሎ ነው። አንድ ወንድማችን ይህን ይዞ ተከራከረን፦ «የኛ ገበሬ ጥርኙን ያበላል፤ እንዲያውም ከልጆቹ አስበልጦ። ታዲያ ምን ቀረ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሳችን ሌላው ሐዲስ ነው፤ አቡ ዳዉድ የዘገቡት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ አንድ አንሷሪ የአትክልት ቦታ ሲገቡ ግመል አይቷቸው አለቀሰ። ዳበሱት፤ ዝም አለ። ባለቤቱን አስጠርተው በዚህ እንስሳ ጉዳይ አላህን እንዲፈራ መከሩት። የግመሉ ስሞታ ሁለት ነበር፦ ረኀብና ድካም። ረኀቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ ገለባ ይበቃ ነበር። እንስሳ ከሆዱ ሌላም መብት እንዳለው ከዚህ እንረዳለን። የሚታረድ በግ እንኳ ቢላው ተስሎ፣ ሳይሠቃይ እንዲታረድ ታዘናል። ለሞት የቀረበ እንስሳ ይህን ያህል ኢሕሳን ከተገባው፣ ዕድሜውን ሙሉ ለኛ መዓዛ የሚያወጣው ቢያንስ መዞር አይገባውም ወይ?

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» ለሚሉን

ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚመጡ እናውቃለን።

አንደኛው፦ «ይህ የፈረንጅ ወሬ ነው። እነሱ በዝባዳችን ከከበሩ በኋላ ዛሬ መካሪ ሆኑብን።» እውነት አለበት። ስዊስ አገር ይሠራ የነበረው ኬሚስት ሊዮፖልድ ሩዚችካ የዝባድን ዋና መዓዛ የሚሰጠውን ሲቬቶን የተባለ ውህድ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1926 ገለጠ፤ በ1939 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች አንዱ በዚህ መስመር ያለው ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሠራሹ መጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የእንስሳት ደኅንነት ድርጅቶች የኢትዮጵያን የጥርኝ አያያዝ ሲያጋልጡ፣ ሻኔል በ1998 በተፈጥሮ ዝባድ መጠቀሙን ማቆሙ ተነገረ። ስማቸው ጸዳ። የእኛ ገበሬ ማጎሪያ ግን አልሰፋም፤ ገዢ ነው የቀነሰበት። ይህ ያናድዳል፤ እኛንም አናዶናል።

ነገር ግን አንድ ነገር ፈረንጅ ስለተናገረው ውሸት አይሆንም። የግመሉ ሐዲስ ከሻኔል በፊት ነበር። እኛ ቀድመን መናገር ሲገባን ዝም ብለን ሌላ ሰው ተናገረው እንጂ፣ ንግግሩስ የኛ ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ፦ «ይህ የአባቶቻችን ልማድ ነው።» እዚህ ላይ የዝባዱን መንገድ በሙሉ ማስታወስ ግድ ይለናል። ከቦንጋ ወደ ባሶ ይወጣ የነበረው ሲራራ ቀንድና ኮረሪማ ብቻ አልነበረም የሚነዳው። ሰውም ይነዳ ነበር። ከከፋና ከዙሪያዋ የተነጠቁ ልጆችና ሴቶች በዚያው መንገድ፣ በዚያው ጭነት ጎን ተሸጠዋል። ከነጋዴዎቹ መካከል ሙስሊሞች እንደነበሩ መካድ አንችልም፤ ክርስቲያኖችም፣ የየአገሩ ሹማምንትም ነበሩበት። ያን ጊዜም «ልማድ ነው» ይባል ነበር። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ከቅድመ አያቶቻችን መካከል ያዩት አሉ።

ሰውንና ጥርኝን እያመሳሰልን አይደለም፤ አላህ የአደምን ልጅ አልቆታል። የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ነጋዴው የቀንዱን ክብደት ይጠይቅ ነበር፤ ከጎኑ የሚራመደው ልጅ ከየት እንደመጣ ግን አይጠይቅም። አለመጠየቅ ነው ያን ገበያ ያቆመው። እኛስ? ዝባድ ስንገዛ የምንጠይቀው «ቅቤ ተቀላቅሎበታል ወይ?» ብለን ነው። ወረቀት ላይ እንቀባዋለን፤ ለኮሰን እናሸታለን፤ እንጠራጠራለን። እንስሳው መዞር ይችላል ወይ ብሎ የጠየቀ ገዢ ግን ወንድማችን በልጅነቱ አንድ ቀንም ሰምቶ አያውቅም።

ለገበሬው የምንጨነቅ ከሆነ መልሱ እዚህ ላይ ነው ያለው። ገዢ ካልጠየቀ፣ ማጎሪያውን ያሰፋ ገበሬ ወጪው ይጨምራል እንጂ ዋጋው አይጨምርም። ጠባቡ ማጎሪያ የሚቀጥለው ገበሬው ክፉ ሆኖ ሳይሆን እኛ ለሁለቱም እኩል ስለምንከፍል ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ለጠቅላላ ስብሰባው የምናቀርበው ይህን ነው።

አንደኛ፣ ለዘንድሮው ዒድ «ዒድ ጠዋት» ያለ ዝባድ ትሸጥ። ወንድማችን በጨዋነት ተስማምቶ ሁለተኛ ብልቃጥ ቀምሞልናል፤ ብርቱካንና ኮረሪማ ብቻ። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያዋን አታክልም። ጨዋታዋ አለ፣ ጥላዋ የለም። ሰዓት ሳይሞላ ትጠፋለች። ይህን ለገዢው ሳንደብቅ እንንገር፤ ዋጋዋንም እንቀንስ። ሰው ሠራሹን ሲቬቶን ማግኘት የሚቻል ከሆነም ይሞከር።

ሁለተኛ፣ በእንስሳት ሳይንስ፣ በተፈጥሮ ሀብት፣ በኢኮኖሚክስና በሕግ የምንማር አባላት አንድ ቡድን እናቋቁም። በክረምት ወደየቤታችን ስንመለስ፣ ፈቃደኛ የሆኑ ጥቂት ቤተሰቦችን እንጎብኝ። ማጎሪያውን እንለካ። ሰፊ መኖሪያ ለመሥራት ስንት እንጨት፣ ስንት ቀን፣ ስንት ብር እንደሚጠይቅ እንጻፍ። ጥርኝ የዱር እንስሳ ስለሆነ ፈቃዱን በተመለከተ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ያወጣውን ደንብ እናንብብ። ጀመዓችን ለውይይት ብቻ የተሠራ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ማጎሪያውን ለማስፋት የተስማማ አንድ ቤተሰብ ከተገኘ፣ ዝባዱን መጀመሪያ የምንገዛው ከዚያ ቤት ይሁን፤ ከገበያው በተሻለ ዋጋ። ያኔ «ዒድ ጠዋት» ከነጥላዋ ትመለሳለች፤ ብልቃጧም ትወደዳለች። ጥቂት ብልቃጥ ብቻ እንሸጥ ይሆናል። ትርፉ ለኢፍጣራችን የሚጨምረው ቴምር ትንሽ ይሆናል። በዙልም ከበዛ ቴምር በኢሕሳን ያነሰው ይሻለናል።

ይህን ሐሳብ ይዘን ወንድማችን ባለፈው ሰሞን ወደ አባቱ ደወለ። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ አስቀመጠው፤ እኛም ዙሪያውን ተቀምጠን አዳመጥን። የሚቆጡ መስሎን ነበር። አባት ታሪኩን ሁሉ በዝምታ ሰሙና እንዲህ አሉ፦ «እሺ ልጄ፣ ሰፊ ቤት ሠራሁለት እንበል። ዝባዱን ሳወጣ ታዲያ እንዴት አድርጌ ልይዘው ነው? ቢናከሰኝስ?»

መልስ አልነበረንም። አንዱ «ሰፊው መኖሪያ ላይ ጠባብ ክፍል ቢቀጠልስ? ለማውጫው ሰዓት ብቻ የሚገባበት» አለ። ሌላው «ሥጋውን እዚያ ውስጥ ካስለመዱት ራሱ ይገባል» አለ። አባት ትንሽ አሰቡና «እስቲ ሥላችሁ ላኩልኝ፤ በሩ በየት በኩል እንደሚሆን አሳዩኝ» አሉ።

እነሆ እየሣልን ነው። ይህንን ሥራ ከእኛ በላይ የምታውቁ፣ በተለይ የእንስሳት ሳይንስ ተማሪዎች፣ ከስብሰባው በፊት አግኙን። በሩ በየት በኩል መሆን እንዳለበት እስካሁን አልተስማማንም።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።